መጫወቻው የማን ነው? ከወዳደቁ ነገሮች በሚሠሩ የሕፃናት መጫወቻዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ለሕፃናት ትምህርት የሚያስፈልጉ መጫወቻዎችን በአካባቢው ከሚገኙና ከወዳደቁ ነገሮች ማዘጋጀት እንደሚገባ በየሥልጠናው ይነገራል፤ በየመመሪያውም ይጻፋል። ሐሳቡን የሚቃወም ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ቁሳቁሱ በቅርብ ይገኛል፤ መምህሩም አዲስ የበጀት ዓመት ወይም የውጭ ዕርዳታ ሳይጠብቅ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ይሁን እንጂ ሁሉም ያለ ክርክር የተቀበለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከምርመራ ያመልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ሁሉም የተስማማበትን ጉዳይ በሂስ ዓይን ማየት ነው። ሂሱም መጫወቻዎቹ ለምን ከወዳደቁ ነገሮች ተሠሩ በሚለው ላይ ሳይሆን፣ በማን እጅ ተሠሩ በሚለው ላይ ያተኩራል።

በመዋዕለ ሕፃናትና በዜሮ ክፍል ለጎብኚ በመጀመሪያ የሚታየው መደርደሪያው ነው። ከካርቶን የተቆረጠ ሰዓት፣ በሽቦ ላይ የተሰካ የቆርኪ መቁጠሪያ፣ ከውሃ ፕላስቲክ የተሠራ መኪና፣ በጨርቅ የተሸፈነ አሻንጉሊት በረድፍ ተቀምጠው ይገኛሉ። ቀለማቸው ያምራል፤ ጠርዛቸው ተስተካክሏል፤ ስማቸውም ከሥራቸው ተጽፏል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ መምህራን ከሥራ ሰዓት ውጭ አምሽተው የሠሯቸው በመሆናቸው ድካማቸው ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች ለሕፃኑ ከሱቅ ከተገዛው መጫወቻ በምን ይለያሉ? የተሠሩት እርሱ በሌለበት ነው፤ የተቀመጡትም እጁ በማይደርስበት ነው። ስለ እነርሱ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል ደግሞ «እንዳታበላሹት» የሚለው ነው። እንግዲህ ከወዳደቀ ነገር የተሠራ መጫወቻ መመዘን ያለበት በመደርደሪያ ላይ በሚያሳየው ቁመና ሳይሆን፣ ሲሠራ በሕፃኑ እጅና አእምሮ ውስጥ ትቶት በሚያልፈው ነገር መሆኑን ቀጥለን እንመለከታለን።

1. ሕፃናት ይዘውት የሚመጡት ሙያ

በአገራችን የሚያድግ ሕፃን የመጫወቻ አሠራርን የሚማረው በአብዛኛው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከታላላቆቹና ከሰፈር ጓደኞቹ ነው። ባረጀ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ይሠራል። የተጣለ ሽቦ እያጣመመ መኪና ያበጃል። በክረምት ከጭቃ በሬና ላም ይሠራል። የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ጠፍጥፎ፣ ሁለት ቦታ በስቶና ክር አሳልፎ እያሾረ ያስጮኸዋል። የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ አልብሳ እንደ ልጅ የምታዝል ሕፃንም በየመንደሩ አለች።

ይህ ሁሉ ከልማድ ብዛት የተነሣ እንደ ቀላል ነገር ስለሚታይ ትምህርትነቱ ይዘነጋል። የጨርቅ ኳስን ለአብነት እንውሰድ። ጨርቁ ላልቶ ከተጠቀጠቀ ኳሱ በተመታ ቁጥር ይጨፈለቃል። ክሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጠመጠመ ደግሞ እንደ እንቁላል ይሞላላል። ስለዚህ ልጁ ኳሱን በእጁ እያገላበጠ በየአቅጣጫው ይጠመጥማል፤ መሬት ላይ አንከባሎም ይፈትሸዋል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ሥራ ውስጥ መለካት፣ ማነጻጸር፣ መፈተሽና ማረም በሙሉ አሉ። «ክብ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ከተሳለ ሥዕል ከሚማር ልጅ ይልቅ፣ ኳሱ አልከብ ብሎት ሦስት ጊዜ የፈታው ልጅ የክብን ጠባይ በተሻለ ያውቃል።

የሽቦ መኪና ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያመጣል። ልጁ መኪናውን ቆሞ ለመንዳት ከፈለገ ረጅም መሪ ያስፈልገዋል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ ከተፈለገ ደግሞ የፊቱ ዘንግ ከመኪናው አካል ጋር ተጣብቆ መታሰር የለበትም። ይህን ማንም በቃል አያስረዳውም፤ አጥብቆ ሲያስረው አልታጠፍ ስለሚለው ይረዳዋል። ለጎማ የሚሆነውን ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ሲቆርጥም የትኛው መሬት እንደሚይዝና የትኛው እንደሚንሸራተት ይለያል።

በእነዚህ መጫወቻዎች ላይ መልክን ማስመሰል ዋና ነገር አይደለም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባሰማው ንግግር ያነሣው ምሳሌ ይህን በሚገባ ያብራራል። ሕፃኑ ዱላን ፈረስ ለማድረግ የሚያበቃው ዱላው ፈረስ መምሰሉ ሳይሆን በላዩ ተቀምጦ መጋለብ መቻሉ ነው። በዚህም ሕፃኑ የነገሩን ትርጉም ከነገሩ ለይቶ መያዝ ይለማመዳል፤ ይህ ደግሞ ወደ ረቂቅ አስተሳሰብ የሚያሸጋግር ድልድይ ነው። የጉግስ ፈረሰኞችን አይቶ ሸምበቆ በጭኑ መካከል አድርጎ የሚሮጥ ልጅ ይህንኑ ያደርጋል። ጆሮና ጭራ በጥንቃቄ ተለጥፎለት የተሰጠው የካርቶን ፈረስ ግን ሐሳቡን አስቀድሞ ስለ ጨረሰለት ለእርሱ የሚተርፈው ሥራ ትንሽ ነው።

2. ከመሥራት ወደ መመልከት

ይህን ሙያ ይዞ የመጣው ልጅ ክፍል ሲገባ ከሠሪነት ወደ ተመልካችነት ይለወጣል። ለውጡ በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው ነው፤ መምህሩ ይሠራል፣ ሕፃኑ ያያል። ሁለተኛው የሠለጠነ ስለሚመስል የበለጠ አሳሳች ነው። መምህሩ አንድ ናሙና ያሳያል፤ ለሁሉም አስቀድሞ የተቆረጠ ካርቶን ያድላል፤ ሕፃናቱም በታዘዙት ቦታ ይለጥፋሉ። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አርባ አንድ ዓይነት ቢራቢሮዎች በግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። እዚህ ላይ የሕፃናቱ እጅ መሥራቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምን እንደሚሠራ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያያዝና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የወሰነው ሌላ ሰው ነው። ሕፃኑ የተሳተፈው በሙጫው ብቻ ነው።

ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። የመዋዕለ ሕፃናት መሥራች የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለችው ከተማ ሥራውን ሲጀምር «ስጦታዎች» ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎች አዘጋጅቶ ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ ከክር የተሠሩ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶችን፣ ሁለተኛው ድቡልቡል፣ ሞላላና ባለ ስድስት ገጽ የእንጨት ቅርጾችን የያዘ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ወደ ስምንት ትናንሽ ኩቦች የሚከፋፈል አንድ ኩብ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ሕፃኑ በራሱ እንቅስቃሴ እንዲማር ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ስጦታዎቹ በሣጥን ታሽገው የሚሸጡ ዕቃዎች ሆኑ፤ አጠቃቀማቸውም በመምህሯ ትእዛዝ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል፣ በመስመር በተሰመረ ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም ሥርዓት ሆነ። ጆን ዱዊና ፓቲ ስሚዝ ሂል በአሜሪካ ያቀረቡት ሂስ በዚህ ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ሂል በትልልቅ እንጨቶች ሕፃናት እንደ ፈቃዳቸው የሚገነቡበትን አሠራር አስፋፋች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ መሣሪያ የቱንም ያህል በበጎ ሐሳብ ቢዘጋጅ አጠቃቀሙ በትእዛዝ ከታሰረ መንፈሱን እንደሚያጣ ነው።

ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 በታተመው «ሚቶሎዢ» በተባለው መጽሐፉ ስለ መጫወቻ የጻፈው መጣጥፍም ለዚህ ጉዳይ ይረዳል። የባርት ነቀፌታ በዘመኑ የነበሩት የፈረንሳይ መጫወቻዎች የአዋቂዎችን ዓለም በትንሹ የሚደግሙ በመሆናቸው ሕፃኑን ባለቤትና ተጠቃሚ እንጂ ፈጣሪ አያደርጉትም የሚል ነው። ባርት ይህን የጻፈው ስለ ፋብሪካ ዕቃ ነው። የእኛ ችግር ግን በእጅ የተሠራውም መጫወቻ በዚሁ ነቀፌታ ሊወድቅ መቻሉ ነው። ከካርቶን የተሠራና ያልተነካ መኪና በሱቅ መስታወት ውስጥ ከሚታየው መኪና የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

መምህራን ወደዚህ አሠራር የሚገፉት በስንፍና አይደለም። የክፍሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። ሱፐርቫይዘሩ የሚይዘው ቅጽ የሚጠይቀው የተዘጋጁትን መሣሪያዎች ብዛት ነው። የሚቆጠረው ነገር የተጠናቀቀ ዕቃ እስከሆነ ድረስ መምህሩ የተጠናቀቀ ዕቃ ማቅረቡ አይቀርም። በደርግ ዘመን በየአውራጃው ከተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ጀምሮ በአካባቢ ቁሳቁስ የመሥራት ልምድ ለአገራችን መምህራን አዲስ አይደለም። ከልምዱ ጋር አብሮ የወረስነው ግን የኤግዚቢሽን መንፈስም ነው፤ ዕቃው ለትምህርት ከማገልገሉ ይልቅ ለዕይታ መቅረቡ ይቀድማል። ስለዚህ ሂሱ በመጀመሪያ የሚመለከተው መምህሩን ሳይሆን መለኪያውን ነው።

3. የሆሻንጋባድ ልምድና የአርቪንድ ጉፕታ መጻሕፍት

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ እንደ አርአያ የሚጠቀሰው ሕንዳዊው መሐንዲስ አርቪንድ ጉፕታ ነው። በካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በማድያ ፕራዴሽ ከሚካሄደው የሆሻንጋባድ የሳይንስ ትምህርት ፕሮግራም ጋር ለመሥራት ወደ ገጠር ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የክብሪት እንጨቶችን በብስክሌት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ እያያያዙ ልዩ ልዩ ቅርጾችን መሥራትን ያስተምራል። ከቅርጾቹ አንዱ ለአብነት ይበቃል። በሦስት እንጨት የተሠራው ሦስት ማዕዘን ሲገፉት አይንቀሳቀስም፤ በአራት እንጨት የተሠራው አራት ማዕዘን ግን ወዲያው ይዘማል። አራት ማዕዘኑን ለማጽናት አንድ እንጨት ከጥግ እስከ ጥግ መጨመር ይበቃል። ልጁ ይህን ካየ በኋላ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ የሚሸከሙት እንጨቶች ለምን በሦስት ማዕዘን እንደሚገጣጠሙ ሳይነገረው ይገባዋል።

መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል፤ ጉፕታም ሥራውን ለሁሉም በነፃ አቅርቧል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ለእኛ አገልግሎት ሲታሰብ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ መጫወቻዎች የሳይንስን ሕግ ለማሳየት የታሰቡ በመሆናቸው ለአራትና ለአምስት ዓመት ሕፃን ጣት ይረቅቃሉ። ክብሪትም ራሱ ካልተወገደለት ለዚህ ዕድሜ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ሁለተኛ፣ መጻሕፍቱ እያንዳንዱን መጫወቻ ደረጃ በደረጃ በሥዕል ስለሚያሳዩ፣ ናሙና ማስገልበጥን በለመደ ክፍል ውስጥ ሌላ የሚገለበጥ ናሙና ሊሆኑ ይችላሉ። መጽሐፉ ነፃ የሚያወጣው ክፍሉ አስቀድሞ ነፃ ከሆነ ነው።

የሆሻንጋባድ ፕሮግራም ዋና ትምህርትም በዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1972 በ16 ትምህርት ቤቶች ተጀመረ፤ በ1978 በወረዳው ወደሚገኙት ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተስፋፋ። ያዘጋጀው ርካሽ ቁሳቁስ ብቻ አልነበረም። ልጆች በአራት በአራት ሆነው ሙከራውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር። መምህራን በየወሩ እየተሰበሰቡ በችግሮቻቸው ላይ ይመክሩ ነበር። ፈተናውም ደብተርና መጽሐፍ ተገልጦ የሚሠራ ሲሆን የተግባር ፈተናም ይጨመርበት ነበር። ቁሳቁሱ፣ የመምህሩ ድጋፍና መመዘኛው ሦስቱ በአንድ ላይ ተለውጠዋል ማለት ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2002 በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። ለዕቅድ አውጪ ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይናገራል። ርካሽ ቁሳቁስ ብቻውን ትምህርትን አይለውጥም፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ አሠራር እንኳ የአስተዳደሩ ሙሉ ድጋፍ ከተነፈገው ይፈርሳል።

4. የወደቀ የሚባለው ነገር ወድቋልን?

«የወዳደቁ ነገሮች» የሚለው አነጋገር ራሱ ምርመራ ይሻል። በበለጸጉ አገሮች የቤት ውስጥ ትርፍ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለመጣል የተዘጋጀ ነው። በእኛ ከተሞች ግን «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ነጋዴ አለ። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ ዋጋ አላቸው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት እንደገና ምድጃና የቤት ዕቃ ይሆናል፤ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይቆረጣል። በብዙ ቤት ደግሞ የዘይት ፕላስቲክ ውሃ መቅጃ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮም የቡና ወይም የስኳር ማስቀመጫ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከቤት ዕቃ እንዲመጣ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ንብረት እንጂ ጥራጊ ላይሆን ይችላል።

ይህ በክፍል ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። «ነገ እያንዳንዳችሁ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ» የሚል ትእዛዝ የዱቄት ወተት የሚገዛበትን ቤትና የማይገዛበትን ቤት በአደባባይ ይለያል። ቆርቆሮ ያላመጣው ሕፃን በዕለቱ ሥራ ተመልካች ይሆናል፤ ወላጁም ያፍራል። ለድሃው ልጅ የታሰበው ዘዴ ድህነቱን ማጋለጫ እንዳይሆን ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የሚጠየቀው ነገር ማንም ቤት የማይከስርበት፣ ማለትም ቁራጭ ጨርቅ፣ ቁራጭ ካርቶን፣ ቆረቆንዳ፣ የማሽላ አገዳ የመሰለ ይሁን። ከቤት የመጣው ሁሉ በአንድ የጋራ ሣጥን ይግባ፤ ማን ምን እንዳመጣ አይጻፍ፤ አይነገርም። ቆርኪ፣ የክብሪት ቀፎና ካርቶን ከአካባቢው ሻይ ቤትና ሱቅ በትምህርት ቤቱ ስም ይሰብሰቡ።

ከዚህ ጋር «ወጪ የለውም» የሚለው አባባል መታረም አለበት። ካርቶኑ በነፃ ቢገኝ እንኳ መቀስ፣ ሙጫ፣ ክር፣ መብሻና የማስቀመጫ ሣጥን በነፃ አይገኙም። በበጀት ውስጥ ካልተያዙ የሚገዙት ከመምህሩ ኪስ ነው። ዕቅድ አውጪው መጫወቻ ባለመግዛቱ ያዳነውን ገንዘብ ጥቂቱን ለእነዚህ መሣሪያዎች ቢመልስ ሥራው ይቆማል።

ደኅንነትም ከቁሳቁሱ ምርጫ ተለይቶ አይታይም። የፀረ ተባይና የመድኃኒት ዕቃዎች ታጥበውም ቢሆን ወደ ክፍል መግባት የለባቸውም። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በውስጡ የያዘው ኬሚካል ስለሚጎዳ አይሰበርም፤ አይነካም። የተላላጠ አሮጌ ቀለም ያለበት ቆርቆሮና እንጨት እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ሊይዝ ስለሚችል አይወሰድም። የቆርቆሮ ጠርዝ በመዶሻ ካልተቀጠቀጠና ካልታጠፈ ይቆርጣል። ፌስታል በራስ ላይ ሲጠለቅ ያፍናል። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ቀዳዳ የሚያልፍ ማናቸውም ዕቃ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል አይሰጥም፤ ቆርኪም ከዚህ አይወጣም።

5. በአንድ ክፍለ ጊዜ ምን ሊሠራ ይችላል?

ሂስ መንገድ ካላሳየ ሥራው አልተፈጸመም። ስለዚህ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ሕፃናት የሚሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ሕፃናቱ በአራት በአራት ይቀመጣሉ። ለየቡድኑ የካርቶን ቁራጮች፣ ቀጫጭን አገዳዎች፣ የክብሪት ቀፎዎች፣ ጭቃና ክር ይሰጣሉ። አንድ ሣንቃ በድንጋይ ላይ ተጋድሞ ዳገት ይሆናል። መምህርቷ ናሙና አታሳይም፤ የምትሰጠው ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከዚህ ስንለቀው ሩቅ የሚሄድ ነገር እንሥራ።» መብሳትና ጠንካራ ካርቶን መቁረጥ የእርሷ ሥራ ነው። የት እንደሚበሳ ግን ሕፃኑ ይነግራታል።

የሕፃናቱ የመጀመሪያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይሄድም። አንዱ ጎማውን ከመሃሉ ሳይሆን ከጥጉ ስላስበሳ ጋሪው እያነከሰ ይወርዳል። ሌላው ዘንጉን ከቀፎው ጋር በጭቃ ስላጣበቀ ጎማው አይዞርም። ሦስተኛይቱ ከጭቃ ድቡልቡል ሠርታ ትለቃለች፤ ከሁሉም ርቆ ይሄዳል። መምህርቷ በዚህ ጊዜ ዝም ብላ ማየት፣ ቀጥሎም መጠየቅ ይገባታል። «የአንተ ጋሪ ለምን ያነክሳል?» «የእርሷ ለምን ራቀ?» ሕፃኑ ሲመልስ መሃል፣ ጥግ፣ ክብ፣ ጠባብ፣ ይከብዳል፣ ይቀላል የሚሉትን ቃላት በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ከሥራው ጋር በተያያዘ ትርጉም ይጠቀምባቸዋል። የቋንቋና የሒሳብ መነሻው ይህ ነው። ሥራው በማግስቱ ይቀጥላል፤ ያነከሰው ይጠገናል። በመጨረሻም መጫወቻው ከሠሪው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል፤ በመንገድ ቢሰበር ሊጠግነው ይችላል።

6. ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

በዚህ አሠራር ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው የሕፃናቱ ብዛት ነው። እውነት ነው፤ ስልሳ ሕፃናት በአንድ ጊዜ መሥራት አይችሉም። ሆኖም ቡድኖች በተራ ሊሠሩ ይችላሉ። ሌሎቹ በደጅ ሲጫወቱ ወይም ተረት ሲሰሙ ሦስት ቡድን ቢሠራ በሳምንት ውስጥ ለሁሉም ተራ ይደርሳል። ለዚህ አንድ ረዳት ያስፈልጋል፤ ረዳት መመደብ ደግሞ የመምህሩ ሳይሆን የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛው፣ የሕፃናት ሥራ አያምርም የሚለው ነው። አያምርም። ጎባጣ ጋሪና አንድ ዓይን ያለው አሻንጉሊት የአምስት ዓመት እጅ ትክክለኛ ሥራ ነው። የሚያምረውን ከፈለግን የአዋቂ ሥራ እንደምናይ እንወቅ።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው የወላጆች ጥያቄ ነው። ወላጅ ልጁን የሚልከው ፊደል እንዲቆጥር ነው፤ በጭቃና በካርቶን ሲውል ጊዜው የባከነ ይመስለዋል። ይህ ጥያቄ በንቀት መታለፍ የለበትም፤ ትምህርት ለድሃ ቤተሰብ ብቸኛው ተስፋ ነውና። ሦስቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ማለትም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ የስድስት ዓመት ሕፃናት የሚገቡበትን ዜሮ ክፍል ወደ መደበኛ ትምህርት ቤቶች አስገብቷል። በዚህም የብዙ ድሃ ቤተሰብ ልጆች በር ተከፍቶላቸዋል። ነገር ግን ዜሮ ክፍል በአንደኛ ክፍል ዴስክ፣ በአንደኛ ክፍል ዘዴ ከተካሄደ የአንደኛ ክፍልን ድካም በአንድ ዓመት ማስቀደም ብቻ ይሆናል። ለወላጅ መነገር ያለበት ጨዋታ ከፊደል ይበልጣል የሚል አይደለም። ክር የሚጠመጥም፣ ጭቃ የሚያድቦለቡል ጣት እርሳስ ለመያዝ እየተዘጋጀ መሆኑን፣ ያልሆነለትን ፈትቶ እንደገና የሚሠራ ልጅም የተሳሳተውን ፊደል ደግሞ ለመጻፍ እንደማይሰለች በማሳየት ማስረዳት ይቻላል። ወላጆችን በወር አንድ ቀን ጠርቶ ከልጆቻቸው ጋር እንዲሠሩ ማድረግ ከብዙ ስብሰባ የተሻለ ማስረጃ ነው። የጨርቅ ኳስ ያልሠራ አባት፣ አሻንጉሊት ያላለበሰች እናት ጥቂት ናቸው፤ ሙያው በእነርሱም እጅ አለ።

7. መለኪያውን ስለ መለወጥ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ያመራል። የሱፐርቪዥን ቅጽ የተዘጋጁ መሣሪያዎችን ብዛት መጠየቁን ትቶ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። መጫወቻውን የሠራው ማን ነው? ሲሠራ ምን አልሆን አለው፤ እንዴትስ አስተካከለው? ከቤት ዕቃ ማምጣት ያልቻለ ሕፃን በሥራው እኩል ተካፍሏልን? መጫወቻው አሁን የት ነው? እነዚህን ለመመለስ ሱፐርቫይዘሩ መደርደሪያ ማየት አይበቃውም፤ ከሕፃናቱ አጠገብ ተቀምጦ መጠየቅና ማዳመጥ ይኖርበታል።

ይህ ከሆነ መምህሩ ከሌሊት ሥራ ያርፋል፤ ጊዜውንም ለማስተዋልና ለመጠየቅ ያውለዋል። ሕፃኑም ከሰፈሩ ይዞት የመጣው ሙያ በክፍል ውስጥ ዋጋ እንዳለው ያያል። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ መጫወቻዎቹ በሕፃናት እጅ አልቀው፣ ተሰብረውና ወደ ቤት ተወስደው መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ መምህሩ በዚያ ምክንያት ሊነቀፍ አይገባም። ስለ ባዶው መደርደሪያ ሕፃናቱ ይጠየቁ፤ የሠሩትን ያውቁታልና ይመልሳሉ።